የአሥራ አንድ አክስቶች ፊርማ

«ሮማንወርቅ ልጇን ለካውንስል ፈርማ ሰጠች» የሚለው ወሬ ከጋሻው ካፌ የወጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከደቡብ ለንደኑ ስትሪትሃም ሲነሳ ወሬው ገና ጨቅላ ነበር፤ «ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው አሉ» የሚል። ክላፋም ሲደርስ ወር ሙሉ ሆነ። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚፈትሹት እነ ዐብዱ ጆሮ ሲገባ ደግሞ ልጅቷን ልጅ የሌላቸው እንግሊዞች ባልና ሚስት ወስደዋታል፣ ቤታቸው አርባ ክፍል አለው፣ ፈረስ ገዝተውላታል፣ ለእናትየዋም በልዋጩ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ከነጓሮው ተሰጥቷታል። ሐሙስ ዕለት ወሬው ዞሮ ዞሮ ስትሪትሃም ሲመለስ ጋሻው ራሱ የወለደውን አላወቀውም። «ጉድ በል ስትሪትሃም!» አለና የያዘውን ማኪያቶ አስቀምጦ እንደ አዲስ ሰማው።

ለነገሩ ቆም ብሎ ላሰበው ወሬው በየትም በኩል አይገጥምም። ሮማንወርቅ ማለት ለማኅበር ያዋሰችው ድስት ያለ ክዳኑ ተመለሰ ብላ ከአንዲት ሴት ጋር ሰባት ዓመት የተኮራረፈች ናት። ክዳን ያልማረች ሴት ልጅ ትሰጣለች? ደግሞስ ለማን? የመታጠቢያ ቤቷን ቧንቧ እንዲጠግንላት አሥራ አራት ወር ደጅ ለጠናችው ካውንስል፣ ለዚያ የሠፈር አስተዳደር? ባለ ሦስት መኝታውማ ይቅር። በለንደን ከካውንስል ባለ ሦስት መኝታ ያገኘ ሰው ካለ ሙዚየም ገብቶ በትኬት መታየት አለበት። ፈረሱን ደግሞ ፈረሱ ራሱ ቢሰማው ይስቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይካድም። ሮማንወርቅ በዚያ ሳምንት ወረቀት ይዛ ቤት ለቤት ሰው ስታስፈርም ታይታለች፤ ወረቀቱም አናቱ ላይ የካውንስሉ ስም ነበረበት። የየትኛው ካውንስል ስም እንደሆነ እዚህ አይነሳም። ለንደን የየራሳቸው ካውንስል ያላቸው ሠላሳ ሁለት ቦሮ አላት፤ ጥፋተኛ ነኝ የሚል እጁን ያውጣ።

ሮማንወርቅ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ለንደን ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አሥራ ስድስቱን ያሳለፈችው ሂትሮው አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሪ ስትደረድር ነው። በእጇ ያለፈው ትሪ ቢነባበር ጨረቃ ደርሶ መልስ ይተርፋል፤ እሷ ግን አውሮፕላን የተሳፈረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ባሏ ደግፌ ልጅቷ አራት ዓመት ሲሆናት «ትንሽ ልተንፍስ» ብሎ ወደ ሊድስ ሄደ። ይኸው እስካሁን እየተነፈሰ ነው።

ልጅቷ ቃልኪዳን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አትራመድም፣ አትናገርም፣ ምግቧ የሚገባው ሆዷ ላይ በተገጠመ ቱቦ ነው፣ የሚጥል በሽታም አለባት። ይህ የሐኪሞቹ ዝርዝር ነው። የእናቷ ዝርዝር ሌላ ነው። ሰው ሲያነጥስ ትስቃለች፤ ያ ሰው ደግሞ ቢያነጥስ ሳቋ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። የሱፍ ኮፍያ ጠላቷ ነው፤ ከዊልቸሯ ላይ አሽቀንጥራ የጣለችው ኮፍያ ተሰብስቦ ቢሆን አንድ ክፍለ ጦር ክረምቱን ይወጣበት ነበር። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ብቻ የሚያይ ሰው አትወድም፤ ቀና እስኪል ድረስ ታጉረመርምበታለች።

በሽታው የሚጥላት ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሮማንወርቅ የምትተኛው ከልጇ አልጋ ጎን፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ጆሮ ዘብ ይቆማል። ይህ ኑሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሲዘልቅ ያላሳበዳት አንድ ነገር ነበር። በወር አንድ ጊዜ ዓርብ ከሰዓት ቃልኪዳን ነርሶች ወዳሉበት ቤት ትሄዳለች፤ ዓርብና ቅዳሜ እዚያ አድራ እሁድ ትመለሳለች። ካውንስሉ ይህን «ሪስፒት» ይለዋል። ሮማንወርቅ «ዓርብ ቤት» ትለዋለች። ልጅቷ ቤቱን ትወደዋለች፤ በውኃ ውስጥ አረፋ የሚያወጣ ትልቅ መብራት አለ፤ በዚያ ላይ የአበባ አለርጂ ያለባት አንዲት ነርስ አለች፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑን ሙሉ ታነጥሳለች። ለቃልኪዳን ከዚያ ወዲያ ሰርግ የለም።

እናትየዋ በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ምን ታደርጋለች? አንዳንዶች ዳንስ ቤት ትሄዳለች ይላሉ። ትተኛለች። በሁለት ጆሮዋ ትተኛለች።

ነገሩ የተበላሸው በሚያዝያ ነው። ቤንጃሚን የሚባል አዲስ የካውንስሉ ሶሻል ወርከር «ረቡዕ በአራት ሰዓት ለአሰስመንት፣ ማለትም የቤቱን ሁኔታ ለመገምገም፣ እመጣለሁ» ብሎ ደብዳቤ ላከ። በሐበሻው ዘንድ ሶሻል ወርከር ማለት ጅብ ነው፤ አቧራ ካየ፣ ያልታጠበ ሳህን ካየ፣ የእናት ዕንባ ካየ ልጅ አንጠልጥሎ ይሄዳል። እና ሮማንወርቅ ማንኛዋም ያገሯ ልጅ የምታደርገውን አደረገች። ሦስት ቀን ቤት አጸዳች፤ ሰውም ጠራች።

አሥራ አንድ ሴቶች መጡ። ከፊት እትዬ ጽጌ፣ የቃልኪዳን የክርስትና እናት፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ተናግረው የተገዳደራቸው ሰው በደቡብ ለንደን አልተመዘገበም። ከኋላ ቲጂ፣ ጸጉር ሠሪዋ፣ የሮማንወርቅ የልብ ጓደኛ። የቀሩት ዘጠኙ ሳምቡሳና ድፎ ዳቦ ተሸክመው ተከተሉ። ልጅቷን ከአልጋ የሚያነሳው ማሽን አስቀያሚ ነው ተብሎ ነጠላ ለበሰ። መድኃኒቱ ቁም ሣጥን ገባ። የሮማንወርቅ ፍራሽ «ይሄማ ድህነት ያስመስላል» ተብሎ አልጋ ሥር ተገፋ። ቃልኪዳን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ መሐል ተቀመጠች፤ እንደ እድል ሆኖ ኮፍያ አላደረጉላትም።

ቤንጃሚን ገባ፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። «እንዴት እየተወጣሽው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነን» አለች ሮማንወርቅ።

«የሚያግዝሽ ሰው አለ?»

አሥራ አንዱም በአንድ ድምፅ «እኛ!» አሉ። እትዬ ጽጌ አልበቃቸውም። «ቲጂ፣ አስተርጉሚልኝ። ልጅቷ የሁላችን ናት በይው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ በይው።» ቤንጃሚን ሁሉንም ጻፈ። አምስት ሳምቡሳ በላ፤ ሦስት ተጠቅልሎለት ሄደ። ሴቶቹ በሩ እንደተዘጋ እልል አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሪፖርቱ መጣ። «ቤቱ የተረጋጋ ነው። እናት በሚገባ እየተወጣችው ነው። ልጅቷ አሥራ አንድ አክስቶች ያሉበት ሰፊ የቤተሰብ ድጋፍ አላት። ስለዚህ ሪስፒቱ ከመጪው ወር ጀምሮ ይቆማል።»

ሮማንወርቅ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ለእናቷ አንድ ናት። አክስት የሚባል ነገር በቤታቸው ታይቶ አይታወቅም።

ኮምፕሌይን አደረገች፣ አቤቱታ ጻፈች። በሃያኛው ቀን መልስ መጣ፤ መልሱ ያው ሪፖርቱ ነው፣ ከላዩ ላይ «ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን» ተጨምሮበት። ሁለት ወር ያለ ዓርብ ቤት አለፈ። በመጀመሪያው ወር ሥራ ላይ ቆማ አንቀላፋች፤ በዚያን ቀን ወደ ቶሮንቶ በበረረ አውሮፕላን ላይ አርባ መንገደኛ ዶሮ በጠበቀበት ሁለት ሁለት ኬክ ደረሰው። አለቃዋ «ይህ አንድ ቀን ቢደገም ደህና ሁኚ» አላት። ይህን ለቲጂ ነግራት አብረው ሳቁ።

በሁለተኛው ወር የሆነውን ግን ለማንም አልነገረችም። አንድ ጠዋት የቃልኪዳንን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በስሪንጅ ቀድታ ቱቦው ላይ ልትገጥም ስትል ማስታወሻ ደብተሩን አየች። የዛሬው መድኃኒት ተሰጥቷል። በራሷ እጅ ጽሕፈት፣ ከሃያ ደቂቃ በፊት። ስሪንጁን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠችው። ቁጭ አለች። ቃልኪዳን አይን አይኗን ታያታለች፤ የምትስቅበት ማንጠስ እየጠበቀች።

ይህን ማን ፊት ይነገራል? ለካውንስል? ጅቡን «በሩ ክፍት ነው፣ ግባ» ማለት አይደል እንዴ!

ክላፋም ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት ወላጆች ምክር የሚሰጥ ቢሮ አለ። እዚያ የምትሠራው እሌኒ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ እንግሊዝኛ ላይ የሚያርፍ።

«ሊስን አንቲ ሮማን» አለቻት። «ሁለተኛ ደረጃ ኮምፕሌይን አድርገናል። መርማሪዋ ከካውንስሉ ውጭ ናት፣ ኢንዲፔንደንት ናት። ሰኞ ሳምንት ነው ሚቲንጉ። ግን እነዚህ ኢለቨን አንቲዎች... ፕሮብለሙ እነሱ ናቸው።»

«አክስቶች አይደሉም እኮ።»

«አይ ኖው! ግን ሪፖርቱ ላይ አሉ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ሌሊት ቃልኪዳንን እንደሚይዙ ይፈርሙ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብለው።»

«ዜሮ ብለው ይፈርሙ?» ሮማንወርቅ በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «እሌኒዬ፣ ሐበሻን አታውቂውም። ኩላሊቱን ስጠኝ ብትዪው ይፈርማል። አልረዳም ብለህ ፈርም ብትዪው ግን ጦር ነው የሚመዝብሽ።»

«አንቲ ሮማን፣ ያለ ፊርማው እንሸነፋለን። ሲሪየስሊ።»

ሮማንወርቅ ሳቋን ዋጠች። አንድ ሳምንት ከሦስት ቀን። አሥራ አንድ ፊርማ።

የጀመረችው ከእትዬ ጽጌ ነው፤ እሳቸው ከፈረሙ ሌላው በሰልፍ ይመጣል ብላ። ስሕተት ነበር።

«እትዬ፣ ይህችን ፈርሙልኝ።»

«ምንድን ናት?» መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ግንባራቸው ላይ ነበረ።

«ቃልኪዳንን ሌሊት መያዝ እንደማይችሉ ነው።»

እትዬ ጽጌ ወረቀቱን እንደ እባብ ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፉት። «እኔ? እኔ ጽጌ? ያነሳኋትን ልጅ አልረዳም ብዬ በንጉሡ መንግሥት ፊት ልፈርም?»

«አልረዳም አይልም እኮ፣ እትዬ። ሌሊት አልይዝም ነው የሚለው።»

«ያው ነው! ነገ ብሞት ቅዱስ ጴጥሮስ በር ላይ ይህን ወረቀት አውጥቶ ቢያሳየኝ ምን እላለሁ? ኮፒ አለው ወይ ይሄ?»

«አለው።»

«በይ ተይኝ!»

«እሺ እንግዲህ» አለች ሮማንወርቅ። «ዓርብ ማታ ላምጣልዎት? እሁድ እወስዳታለሁ።»

  እትዬ ጽጌ ጉልበታቸውን አሹ። «ዓርብ... ዓርብ እንኳ ሐኪም አለብኝ።»

«ማታ?»

«አይዞሽ ልጄ» አሉ፤ ተነሥተውም ሙዝ ሰጧት።

ሁለተኛዋ «ሌሎቹ ከፈረሙ» አለች። ሦስተኛዋ «ሌሎቹ ካልፈረሙ» አለች። አራተኛዋ እፈርማለሁ፣ ግን በስሜ አይሁን አለች። አምስተኛዋ ዜሮ ያሳፍራል፣ ሦስት ሌሊት ብለሽ ጻፊልኝ፣ ለወጉ ነው አለች። ሁሉም «አይዞሽ» አሏት። አይዞሽ በሰዓት የሚቆጠር ቢሆን ሮማንወርቅ እስከ ጡረታዋ የተኛች ነበር። በአራተኛው ቀን እጇ ላይ የነበረው ፊርማ ሁለት ነው። ወሬው ግን በዚያው ቀን ሂትሮው ደርሶ ፈረሱን እየጫነ ነበር።

ቲጂ ወሬውንም ወረቀቱንም አንድ ላይ ሰምታ ደወለች። «አንቺ፣ እኔን ሳታስፈርሚ ፈረስ ገዛሽ አሉኝ!»

«ቲጂ፣ ቀልድ ላይ አይደለሁም። ዜሮ ብለሽ ፈርሚልኝ።»

«ዜሮማ አልፈርምም። እኔ ጓደኛሽ ነኝ እንጂ ጎረቤትሽ አይደለሁም። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ፣ ሦስት ሰዓት እይዛታለሁ፣ አንቺ ውጪና ንፋስ ተቀበዪ። ሦስት ሰዓት ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

ቅዳሜ ቲጂ መጣች፤ የጸጉር መሥሪያዋን ሻንጣ ይዛ፣ ቃልኪዳንን ሹሩባ ልትሠራት። ሮማንወርቅ አርባ አምስት ደቂቃ አስረዳቻት። ቱቦው እንዲህ፣ ጭንቅላቷ እንዲያ። ከጣላት ሰዓት ያዢ። በጎን አስተኚያት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ይህን በጉንጯ ውስጥ። ቲጂ «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ሂጂ!» እያለች በሩን ዘጋችባት።

ሮማንወርቅ የት እንደምትሄድ አላወቀችም። መድኃኒት ቤት ሄደች። ከዚያ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጠች። የመጣው አውቶቡስ ሁሉ ቆመላት፤ ሁሉንም በእጇ ሸኘችው። በሃያኛው ደቂቃ ስልኳ ጮኸ።

«ሮማን! ሮማን! አንቺ ሮማን!»

«ሰዓት ያዝሽ?»

«አይኗ... አይኗ ወደ ላይ...»

«ቲጂ። ሰዓት። ስንት ደቂቃ ሆነ?» ሮማንወርቅ እየሮጠች ነው፤ ድምጿ ግን የተቀመጠች ሴት ድምፅ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የተማረችው ይህን ነው፤ እግር ይሩጥ፣ ድምፅ አይሩጥ።

«አላየሁም! እጄ... መድኃኒቱ አልከፈት አለኝ!»

«አትክፈቺ። በጎን አስተኚያት። ከፊቷ አጠገብ ማበጠሪያ ካለ አንሺው። አጠገቧ ሁኚና ስሟን ጥሪ።»

ስልኩ ውስጥ የቲጂ ድምፅ «ቃልዬ፣ ቃልዬ፣ ቃልዬ» ይላል። ሮማንወርቅ ቀይ መብራት እያለ መንገዱን አቋረጠች፤ አንድ ታክሲ በጥሩምባ ሰደባት። ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ እንደ ወትሮው ተበላሽቷል፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት። ስትገባ ቲጂ ልጅቷ አጠገብ ተንበርክካ፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ አገኘቻት። ሮማንወርቅ መድኃኒቱን በአውራ ጣቷ ከፈተች፣ በጉንጯ ውስጥ አደረገች፣ ጠበቀች። አንድ ደቂቃ። ሌላ ግማሽ። የልጅቷ እጅ ላላ። ትንፋሿ ተመለሰ። እንቅልፍ ወሰዳት፤ ግማሽ ጭንቅላቷ ሹሩባ፣ ግማሹ ገና ያልተነካ።

ቲጂ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። «ይሄ... በሳምንት ስንቴ ነው?» አለች።

«በሳምንት?» አለች ሮማንወርቅ። «ትናንት ሁለቴ።»

«እኔ ቡና ጠጥተሽ ያደርሽ ነበር የሚመስለኝ። አይንሽ እንደዚያ የሚሆነው።» ቲጂ እጇን ዘረጋች። «ወረቀቱን አምጪ። ዜሮ በይ። ከዜሮ በታች ካለም ጻፊልኝ።»

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የቲጂ ሆነ። ደንበኛ ጸጉሯን ታጥባ፣ አረፋው አይኗ ላይ እያለ፣ «ቃልኪዳንን ስንት ሌሊት ይዘሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ዜሮ ያላለች አትለቀለቅም። እሁድ ማታ አሥር ፊርማ ተሟላ። የቀሩት እትዬ ጽጌ ብቻ ናቸው። ዳር ዳር ሲባሉ «አልፈርምም። ግን ሰኞ በአካል እመጣለሁ፣ እመሰክራለሁ» አሉ። ምን ብለው እንደሚመሰክሩ ግን አልተናገሩም። ሮማንወርቅ ከሁሉም ይልቅ ይህ አስፈራት።

ሰኞ በአራት ሰዓት ሮማንወርቅ፣ እሌኒና እትዬ ጽጌ በአንድ ጠባብ ክፍል ተቀመጡ። መርማሪዋ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የቤንጃሚን ሪፖርት ፊቷ ተዘርግቷል። አሥሩን ፊርማ አንድ በአንድ አየች፤ አንዱ ላይ ሻምፑ ፈስሶበታል። ከዚያ ቀና ብላ ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቀች።

«እንዴት ነሽ፣ ሮማንወርቅ?»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ለሐኪሙም፣ ለአለቃዋም፣ ለደግፌ እናት በስልክም የመለሰችው ይህንኑ ነው። አፏን ከፈተች። ዘጋች። በጠረጴዛው ሥር የእሌኒ ጫማ ጫማዋን ነካ አደረገው። 

«ደህና አይደለሁም» አለች።

«ኧረ ስምሽን ቄስ ይጥራው!» አሉ እትዬ ጽጌ። ወደ መርማሪዋ ዞሩ። «እሌኒ፣ ንገሪልኝ። ደክሟት ነው በያት። እኛ አለንላት። ልጅቷ ምንም አይጎድልባትም።»

እሌኒ ገርጥታ አስተረጎመች። መርማሪዋ ብዕሯን አነሳች። «እርስዎ ልጅቷን በወር ስንት ሌሊት ይይዛሉ?»

«እጸልይላታለሁ።»

«ሌሊት ነው የጠየቅሁት።»

«ሌሊትም እጸልያለሁ።»

መርማሪዋ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አይታይም። ሮማንወርቅ ብዕሩን አየች። አሥራ አንድ አክስቶች እንደገና ሲነሡ፣ በነጠላ የተሸፈነው ማሽን፣ አልጋ ሥር የተገፋው ፍራሽ፣ ሁሉም ተመልሶ ሲመጣ ታያት። ከዚያ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳታይ ተናገረች።

«ከሦስት ሳምንት በፊት መድኃኒቷን ሁለት ጊዜ ልሰጣት ነበር። ቀድቼው ነበር። እጄ ላይ ነበር። ደብተሩን ባላይ ኖሮ ሰጥቻት ነበር። እንቅልፍ ስለሌለኝ ነው። መሬት ላይ ነው የምተኛው፣ ከአልጋዋ ጎን። ሰውየው ሲመጣ ፍራሹን ደበቅነው።»

 እትዬ ጽጌ እንግሊዝኛቸው የገበያ ነው፤ «መድኃኒት»ንና «ሁለት ጊዜ»ን ግን ያውቃሉ። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ።

«ይህን ቀደም ብለሽ ለምን አልተናገርሽም?» አለች መርማሪዋ።

«ትወስዷታላችሁ ብዬ።»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች። «እኔ የምመረምረው ካውንስሉን ነው። አንቺን አይደለም።»

ይህ መልስ ነው ወይስ ማባበያ፣ ሮማንወርቅ መለየት አልቻለችም። እትዬ ጽጌ ግን ቦርሳቸውን ከፍተው ብዕር ፈለጉ፣ አጡ፣ የመርማሪዋን ብዕር ከእጇ ወሰዱ። «ወረቀቷን ወዲህ በይ፣ እሌኒ። ሌሊት፣ ዜሮ። ጻፍኩ። ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ያውም እናቷ ባለችበት። ይሄንንም ጻፍኩ።» ፈረሙ። ወደ ሮማንወርቅ ሳይዞሩ «እኔን ሳትነግሪኝ» አሉ። 

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ሙሉ ምንም አልመጣም። ሮማንወርቅ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ከደረቷ ወጥቶ በቁልፉ ቀዳዳ ያያል። በአራተኛው ሳምንት፣ ቃልኪዳን ከትምህርት ቤት በተመለሰች ሰዓት፣ የካውንስል ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች መጡ። ሮማንወርቅ የልጇን ክፍል በር በጀርባዋ ዘግታ ቆመች። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ እጀታውን ያዘች።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ» አለ ትልቅየው፣ ወረቀቱን እያየ። «በአሥራ አራት... ይቅርታ፣ አሁን በአሥራ አምስት ወሩ።»

ሮማንወርቅ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብላ እስኪጨርሱ አልተነሣችም። ሰዎቹ ጉዳዩ ቧንቧው መስሏቸው አጽናኗት።

ደብዳቤው በሰባተኛው ሳምንት ገባ። አቤቱታዋ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። አሰስመንቱ እንደገና ይሠራል፤ እናትየዋ ለብቻዋ ትጠየቃለች። በወር ሁለቱ ሌሊቶች ከመጪው ዓርብ ጀምሮ ይመለሳሉ። «ለደረሰብዎት ማንኛውም ጭንቀት ይቅርታ እንጠይቃለን።» ሮማንወርቅ ይህንንም ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በመጨረሻም ከቃልኪዳን መድኃኒት ደብተር ጀርባ ለጠፈችው።

ዓርብ ከሰዓት ልጇን ዓርብ ቤት አደረሰች። ቃልኪዳን የአረፋ መብራቱን ስታይ እናቷን ዞራ እንኳ አላየቻትም። ሮማንወርቅ ቤት ገባች፣ ፍራሹን አለፈችው፣ ለብዙ ጊዜ ያልነካችው የራሷ አልጋ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አሥራ ሰባት ሰዓት የሚታወቅ ነገር የለውም።

ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጋሻው ካፌ ገባች። ብቻዋን። ያለ ዊልቸር። ካፌው በአሥር ዓመት ውስጥ ሮማንወርቅን ያለ ዊልቸሩ አይቷት አያውቅም፤ በሩን ለመክፈት ለልማዱ የተነሡ ሦስት ሰዎች እንደ ቆሙ ቀሩ። 

«ሮማኔ» አለ ጋሻው፣ ድምፁን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝቅ አድርጎ። «ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ማኪያቶና ኬክ አምጣልኝ። ኬኩ ሁለት ይሁን።»

ዐብዱ ጥግ ላይ ከሂትሮው ፈረቃው ወጥቶ ተቀምጧል። መታገስ አልቻለም። «እንግዲህ እግዜር የሰጠውን... ሰዎቹ ደጎች ናቸው አሉ፣ እህቴ። ግን ልጅቷን ያሳዩሻል? እሱ ፈረሱስ አመል አለው ወይ?»

ሮማንወርቅ ኬኩን ቆረሰች፣ አኘከች፣ ዋጠች። ካፌው ሁሉ ሹካዋን ያያል። ከዚያ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

«ልጄን ለማንም አልሰጠሁም። ከኮምፕሌይን ፎርሙ በቀር የፈረምኩት ወረቀት የለም፤ የፈረሙት እትዬ ጽጌና ጓደኞቻቸው ናቸው፣ የፈረሙትም እንደማይረዱኝ ነው። ልጅ የሌላቸው እንግሊዞች የሉም። አርባ ክፍል የለም። ቤት አልተሰጠኝም። ቃልኪዳን በወር ሁለት ሌሊት ነርሶች ጋ ታድራለች፣ ነገ በአሥር ሰዓት ሄጄ አመጣታለሁ። ፈረስ የለም፣ ዐብዱ። ኖሮም አያውቅም።»